የ«ምቡቤ» ባለቤት ማን ነው? በብዙ ድምፃውያን የተቀዳ የአንድ ዘፈን ዳሰሳ

በብዙ ድምፃውያን የተቀዳ አሮጌ ዘፈን ሁለት ዓይነት ጥያቄ ያስነሣል። አንደኛው የሙዚቃ ጥያቄ ሲሆን ዘፈኑ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከሸክላ ወደ ሸክላ ሲተላለፍ ምኑ እንደሚቀርና ምኑ እንደሚጣል ይመረምራል። ሁለተኛው የባለቤትነት ጥያቄ ነው፤ ዜማውን ያፈለቀው፣ በወረቀት ያሰፈረው፣ ግጥም ያከለበት፣ ያቀናበረውና ያሳተመው የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ ድርሰቱ የማን ይባላል? የሙዚቃ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን፣ የሕግ ባለሙያዎች ሁለተኛውን ይዘው በየፊናቸው መጓዛቸው የተለመደ ነው። በደቡብ አፍሪካ በ1939 (ሌላ ካልተገለጸ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ምቡቤ» በሚል ርእስ ተቀድቶ ኋላ «ዊሞዌህ»፣ ከዚያም «ዘ ላየን ስሊፕስ ቱናይት» እየተባለ ዓለምን ያዳረሰው ዘፈን ግን ሁለቱ ጥያቄዎች ተነጣጥለው ሊመለሱ እንደማይችሉ ያሳያል፤ ጠበቆች ለዓመታት የተከራከሩበት ሀብት ዞሮ ዞሮ አንድ ሰው በአንድ ቀን በቀጭን ድምፁ ያወጣው አጭር የዜማ ሐረግ ነውና።

የዘፈኑ ምንጭ ሶሎሞን ሊንዳ ይባላል። በ1909 በናታል ግዛት በፖሜሮይ አቅራቢያ ከዙሉ ቤተሰብ የተወለደው ሊንዳ በአካባቢው በነበረው የጎርደን መታሰቢያ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን መዝሙርንና በኅብረ ድምፅ መዘመርን ከተማረ በኋላ፣ እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ በ1931 ወደ ጆሃንስበርግ ተሰደደ። ወርቅ ማዕድን፣ ፋብሪካና ሆቴል ቤት የተቀጠሩት እነዚህ ስደተኞች በሠራተኛ ማደሪያዎች ተጨናንቀው የሚኖሩ ሲሆን፣ የሳምንቱን ድካም የሚረሱት ሌሊቱን ሙሉ በሚዘልቅ የኅብረ ዝማሬ ውድድር ነበር። ሊንዳም የአገሩን ልጆች አሰባስቦ «ኢቭኒንግ በርድስ» ወይም «የምሽት ወፎች» የተሰኘውን ጓድ መሠረተ። ጓዱ ባለመስመር ሙሉ ልብስ ለብሶና ባርኔጣ ደፍቶ በመድረክ ላይ በመታየቱ የከተሜነት አርአያ ሆኖ ነበር፤ በድምፅ አደረጃጀቱ ግን የበለጠ አዲስ ነገር አምጥቷል። ቀደም ሲል እያንዳንዱን የድምፅ መደብ አንድ ሰው ብቻ ይይዝ የነበረ ሲሆን፣ ሊንዳ ባሱን፣ ማለትም ከሁሉ የሚወፍረውን የወንድ ድምፅ፣ ለሦስት ሰዎች ሰጥቶ እርሱ ራሱ ከሁሉ በላይ በሚንሳፈፍ ቀጭን ድምፅ ይዘፍን ነበር። በእነዚህ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለው ርቀት፣ ማለትም ከታች እንደ መሬት የጸናው የባስ ምላሽና ከላይ እንደ ልቡ የሚዋኘው መሪ ድምፅ፣ የ«ምቡቤ» ጠቅላላ ውበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት መታረም ይኖርበታል። ዘፈኑን የወደዱት አሜሪካውያን ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ የአፍሪካ የመንደር ዜማ አድርገው አስበውት ነበር። በዙሉ ስደተኞች የሌሊት ሙዚቃ ላይ ሰፊ ጥናት ያካሄደው የሙዚቃ ተመራማሪ ፋይት ኤርልማን እንዳሳየው ግን ይህ የአዘፋፈን ስልት ከዙሉ የሠርግ ዘፈን፣ ከሚሲዮን መዝሙርና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደቡብ አፍሪካን ከዞሩት የጥቁር አሜሪካውያን መዘምራን ትርኢት የተቀዳ ነው። በ1890ዎቹ የኦርፊየስ ማካዱ ቡድን ያቀረበው መንፈሳዊ ዝማሬ በናታል የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ጥልቅ አሻራ ትቶ አልፏል። ስለዚህ «ምቡቤ» በ1950ዎቹ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ከእናት አገሩ መጀመሪያ የወጣ እንግዳ ሳይሆን ከፊል ደሙ ወደዚያው የተመለሰ ዘፈን ነበር። ይህ የሊንዳን ደራሲነት የሚቀንስ የሚመስላቸው አሉ፤ ሆኖም የትኛውም ደራሲ ከአየር ላይ አይደርስም፤ ከደረሰው ቅርስ ምን እንዳደረገ ነው የሚጠየቀው።

ሊንዳ ያደረገው ነገር በሸክላው ላይ ይሰማል። በጋሎ የሸክላ ኩባንያ ማምረቻ ዕቃ አሻጊ ሆኖ ይሠራ የነበረው ይህ ሰው፣ የኩባንያው ችሎታ ፈላጊ ግሪፊት ሞትሲሎዋ ጓዱን ካደመጠ በኋላ፣ በ1939 ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ስቱዲዮ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች አልሳካ ብለው በሦስተኛው ላይ ፒያኖ፣ ጊታርና ባንጆ ታክለው ተቀዳ። ዘፈኑ በጥቂት ቃላት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ርእሱ በዙሉ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው፤ መነሻውም በልጅነት ከብት ሲጠበቅ ከአንበሳ ጋር የተደረገ ግብግብ እንደሆነ ይነገራል። ባሶቹ ሦስት ኮርዶችን (ኮርድ ማለት በአንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ የድምፆች ስብስብ ነው) እየደጋገሙ ሲዞሩ ሊንዳ ከላያቸው ሆኖ በቅጽበት የመጣለትን ያዜማል፤ በሸክላው መጨረሻ ገደማም አስቀድሞ ያልነበረ አንድ ሐረግ ያወጣል። ከሃያ ሁለት ዓመታት በኋላ የእንግሊዝኛው ግጥም የተሰፋበት ዜማ ይህ ነው። ዘፈኑ በደቡብ አፍሪካ ከፍተኛ ተወዳጅነት አገኘ፤ በአሥር ዓመት ውስጥም ወደ 100,000 ቅጂ እንደተሸጠ ይገመታል። ከዚህም በላይ ስልቱ ራሱ «ምቡቤ» ተባለ፤ ኋላ ለስለስ ብሎ «ኢሲካታሚያ» በሚል ስም የቀጠለው፣ ጆሴፍ ሻባላላ በመሠረተው በ«ሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞ» አማካይነትና በ1986ቱ የፖል ሳይመን «ግሬስላንድ» አልበም ዓለም ያወቀው የኅብረ ዝማሬ ባህል የዚሁ ተከታይ ነው። ሊንዳ ለመብቱ የተከፈለው 10 ሽልንግ፣ ማለትም የአንድ ፓውንድ ግማሽ ነበር።

ሸክላው ውቅያኖስ የተሻገረው በአጋጣሚ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከአፍሪካ ወደ ዴካ የሸክላ ኩባንያ የተላኩ ሸክላዎች ለመጣል ተቃርበው ሳለ የሕዝባዊ ዘፈን ሰብሳቢው አለን ሎማክስ አንሥቷቸው ለጓደኛው ለድምፃዊው ፒት ሲገር ሰጠው። ታሞ የተኛው ሲገር «ምቡቤ»ን ደጋግሞ እየሰማ በኖታ ጻፈው፤ ዙሉኛ አያውቅምና የባሶቹን ተደጋጋሚ ቃል «ዊሞዌህ» ብሎ ሰማው፤ ይህም ትርጉም የሌለው ቃል የዘፈኑ አዲስ ስም ሆነ። ሲገርና ባልደረቦቹ «ዘ ዊቨርስ» በተሰኘው ጓዳቸው በጎርደን ጄንኪንስ ኦርኬስትራ አጃቢነት ቀድተው በ1952 ሲያወጡት ዘፈኑ በአሜሪካ የተወዳጆች ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። ሆኖም በዚያው ዓመት የጓዱ አባላት በኮሚኒስትነት ተከሰው በጥቁር መዝገብ በመስፈራቸው ከራዲዮና ከመድረክ ተባረሩ። የ«ዘ ዊቨርስ»ን እውነተኛ አቀራረብ መስማት የሚፈልግ አድማጭ ግን የኦርኬስትራው መለከት ያጠለቀውን የ1952 ሸክላ ትቶ፣ በ1955 በካርኔጊ አዳራሽ ተቀድቶ በ1957 የወጣውን ኮንሰርት ቢያደምጥ ይሻላል፤ በዚያ ቅጂ ባሱ ተመልሶ ይሰማል፣ የሲገር ቀጭን ድምፅም የሊንዳን አካሄድ በቅንነት ይከተላል። የማይሆን ቃል የተሸከመ ቢሆንም የዘፈኑን አጥንት ያልለቀቀ አቀራረብ ነው።

የባለቤትነቱ ውዝግብ የተጀመረውም በዚሁ ጊዜ ነው። በዘመኑ በአሜሪካ አሳታሚዎች ዘንድ የሕዝብ ናቸው የሚባሉ ዘፈኖችን በትንሹ አሻሽሎ በአዲስ ስም ማስመዝገብ የተለመደ አሠራር ነበር፤ አሳታሚ የሚባለውም ሸክላ የሚያትም ሳይሆን የድርሰቱን መብት ይዞ ገንዘቡን የሚሰበስብ ድርጅት ነው። የሐዋርድ ሪችመንድ አሳታሚ ድርጅት «ዊሞዌህ»ን ያስመዘገበው «ፖል ካምቤል» በሚባል ደራሲ ስም ሲሆን፣ እንዲህ የሚባል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ የ«ዘ ዊቨርስ» አባላት ለእንዲህ ላሉ ዘፈኖች የሚጠቀሙበት የብዕር ስም ነው። ሲገር በበኩሉ የደራሲው ስም ሊንዳ መሆኑን ሲያውቅ የድርሻው ገንዘብ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንዲላክ ማዘዙን፣ አንድ ጊዜም የ1,000 ዶላር ቼክ መላኩን ገልጿል፤ የሮያሊቲው (ከእያንዳንዱ ሽያጭና ጨዋታ ለደራሲ የሚከፈለው ድርሻ) ፍሰት ግን በወጉ እንዳልቀጠለ ኋላ ተረድቶ ማዘኑ ይታወቃል። አሜሪካ ሥነ ጽሑፍንና ሙዚቃን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚጠብቀውን የበርን ስምምነት የተቀበለችው በ1989 ብቻ በመሆኑ፣ በጆሃንስበርግ የታተመ ሸክላ በኒው ዮርክ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ የሚታይበት ጊዜ ረጅም ነበር። የሲገር ቅንነት ይህን ሥርዓት አላስተካከለውም፤ ቅንነት ብቻውን ሊያስተካክለው ይችል ነበር ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው።

ዘፈኑን ወደ እውነተኛ የገንዘብ ምንጭነት የለወጠው የ1961ዱ ቅጂ ነው። «ዘ ቶከንስ» የተባለው የኒው ዮርክ ወጣቶች ጓድ «ዊሞዌህ»ን ለመቅዳት ሲፈልግ፣ አዘጋጆቹ ሁጎ ፔሬቲና ሉዊጂ ክሪያቶሬ የግጥም ደራሲውን ጆርጅ ዴቪድ ዋይስን ጠሩ። ዋይስ ሊንዳ በመጨረሻ ላይ ብልጭ አድርጎት ያለፈውን ሐረግ ለይቶ አወጣና የዘፈኑ ዋና ዜማ አደረገው፤ ስለተኛ አንበሳና ስለጸጥተኛ መንደር የሚናገር ቀላል ግጥም ሰፋለት፤ የኦፔራ ዘፋኟ አኒታ ዳሪያንም ከበስተጀርባ በከፍተኛ ድምፅ አጀበች። ውጤቱ በታኅሣሥ ወር 1961 በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ለሦስት ሳምንት ቆየ። በሊንዳ ደጋፊዎች ዘንድ ይህን ቅጂ ማጣጣል የተለመደ ቢሆንም ፍርዱ ሚዛናዊ መሆን አለበት፤ ከሦስት ደቂቃ ሸክላ ውስጥ የትኞቹ ጥቂት ሰከንዶች ለዘለዓለም በጆሮ እንደሚቀሩ ማወቅ ራሱ ሙያ ነው፤ ዋይስም ይህን ሙያ አሳይቷል። ነገር ግን ማግኘትና መፍጠር አንድ አይደሉም፤ በሸክላው ላይ የሊንዳ ስም አለመታየቱ ያገኘውን ሰው ፈጣሪ አስመስሎታል። ስለተኛው አንበሳም ቢሆን፣ ሲገር ዘፈኑን ሲያስተዋውቅ «አንበሳው» የተባለው አንድ ቀን የሚነቃው የዙሉ ንጉሥ ሻካ ነው የሚል ማብራሪያ ያሰራጭ ነበርና የዋይስ ግጥም የመነጨው ከሊንዳ ልጅነት ሳይሆን ከዚህ ትርጓሜ ሳይሆን አይቀርም።

ሊንዳ ይህን ሁሉ በቅጡ ሳያውቅ፣ በ1959 መድረክ ላይ ከወደቀ በኋላ ጤናው ሳይመለስለት፣ በጥቅምት 1962 በኩላሊት ሕመም አረፈ። ቤተሰቡ የመቃብር ድንጋይ ለማቆም ዐሥራ ስምንት ዓመት ፈጅቶበታል።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ቅጂዎች አንድ በአንድ መዘርዘር ብዙ ጥቅም የለውም። በእንግሊዝ ካርል ዴንቨር በ1962፣ «ታይት ፊት» የተባለው ጓድ ደግሞ በ1982 ታላቅ ገበያ አገኙበት፤ የኋለኛው አንደኛ ደረጃ ቢወጣም ለሙዚቃው የጨመረው ነገር የለም። በአሜሪካ ሮበርት ጆን በ1972 የ«ዘ ቶከንስ»ን ቅጂ ከሞላ ጎደል ደገመው። ኦንሪ ሳልቫዶር በፈረንሳይኛ ተጫውቶት በአገሩ የሕፃናትም የአዋቂዎችም ዘፈን ሆነ፤ በፈረንሳይኛው ርእስ አንበሳው ተኝቶ ሳይሆን ሞቶ መገኘቱ ፈገግ ያሰኛል። የሙከራ ሙዚቃ ሰው የሆነው ብራያን ኢኖ ሳይቀር በ1975 ቀድቶታል። እነዚህ ሁሉ መነሻ ያደረጉት ዋይስን ወይም ሲገርን ነው፤ ሊንዳን በቀጥታ ያደመጠ እምብዛም የለም።

ከዚህ የተለየችውና ሰፊ ቦታ የሚገባት ሚሪያም ማኬባ ናት። ማኬባ ለስደት ከተዳረገች በኋላ በ1960 ባሳተመችው የመጀመሪያ አልበሟ «ምቡቤ»ን በዋናው ርእሱና በዙሉ ቃላቱ፣ በ«ቻድ ሚቸል ትሪዮ» አጃቢነት ተጫውታዋለች። የወንድ ቀጭን ድምፅ የነበረውን መሪ መስመር ሴት ስትይዘው የድምፁ ድካም ይጠፋል፤ በሊንዳ ሸክላ የሚሰማው የመንጠራራት ስሜት በእርሷ ዘንድ ልዕልና ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን የቃሉን ትርጉም የምታውቅ ዘፋኝ በመሆኗ ባሶቹ የሚሉት ነገር እንደገና ንግግር ሆነ። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. (1963) የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ ተጋብዛ የዘፈነችው ይህች ሴት፣ በዚያው ዓመት በተባበሩት መንግሥታት ስለ አፓርታይድ በመመስከሯ ሙዚቃዋ በገዛ አገሯ ታገደ። የሊንዳን ዘፈን ወደ ቋንቋው የመለሰችው ድምፃዊት ለሊንዳ አገር ሰዎች እንዳትሰማ ተደረገች ማለት ነው።

ስለ ባለቤትነቱ የተነሡት አስተሳሰቦች በሦስት መስመር ሊታዩ ይችላሉ። የመጀመሪያው ዘፈኑ የሕዝብ ነው የሚለው የአሳታሚዎች አቋም ሲሆን፣ በ1939 በስም በሚታወቅ ሰው በስቱዲዮ ስለተቀዳ ሥራ ሲነገር ከቶ አያስኬድም። ሁለተኛው በደቡብ አፍሪካዊው ጸሐፊ ሪያን ማላን የተስፋፋው ነው። ማላን በ2000 በ«ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት ባሳተመው ሰፊ ዘገባ ዘፈኑ 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሮያሊቲ ሳያስገኝ እንዳልቀረ ገምቶ፣ የሊንዳ ልጆች በሶዌቶ በድህነት መኖራቸውን በማነጻጸር ጉዳዩን ግልጽ ዘረፋ አድርጎ አቀረበው። የዘገባው ውለታ ትልቅ ነው፤ ያለ እርሱ ክርክሩም ባልኖረ። ይሁን እንጂ «ዘራፊና ተዘራፊ» የሚለው ሥዕል አንድ የሚያሳዝን ሐቅ ይሸፍናል፤ አብዛኛው ነገር በጊዜው ሕግ መሠረት በፊርማ የተፈጸመ ነበር። ሊንዳ መብቱን አስተላልፏል፣ መበለቱም በ1983፣ ልጆቹም በ1992 ወረቀት ፈርመዋል፤ ጉዳዩ የፊርማ አለመኖር ሳይሆን ፈራሚዎቹ ምን እንደሚሸጡ ሊያውቁ የማይችሉበት ሁኔታ ነበር። ሦስተኛው መስመር ከዚሁ ሐቅ ተነሥቶ መፍትሔውን በሕጉ ውስጥ የፈለገው የጠበቃው የኦውን ዲን ነው፤ ከሦስቱም ፍሬ ያፈራው ይህ ነው።

ዲን ያገኘው ቀዳዳ በ1911 ከወጣው የእንግሊዝ ኢምፓየር የቅጂ መብት ሕግ የመነጨ ነው። ቻርልስ ዲከንስን የመሳሰሉ ደራሲያን ቤተሰቦች እንዳይደኸዩ በሚል ስሜት የተደነገገ ነው የሚባለው ይህ ሕግ፣ ደራሲው በሕይወት ሳለ መብቱን ቢያስተላልፍ እንኳ ከሞተ 25 ዓመት ሲሞላ መብቱ ወደ ወራሾቹ እንዲመለስ ያዝዝ ነበር። ደቡብ አፍሪካ በጊዜው በዚሁ ሕግ ትተዳደር ስለነበር፣ በ1962 የሞተው የሊንዳ መብት በቀድሞው የእንግሊዝ ኢምፓየር ግዛቶች ሁሉ በ1987 ወደ ውርሱ ተመልሷል የሚል መከራከሪያ ተገነባ። የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ በ1994ቱ «ዘ ላየን ኪንግ» ፊልም ዘፈኑን አስገብቶት ነበርና፣ በሐምሌ 2004 በፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ ተመሠረተበት። ኩባንያው በአገሩ ስላልነበረ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን እንዲኖረው በደቡብ አፍሪካ ያስመዘገባቸው ከ200 በላይ የንግድ ምልክቶች እንዲታገዱ ተደረገ፤ ታላቁ ኩባንያ በሚኪ ማውስ ስም ሊያዝ መቻሉ በዓለም ጋዜጦች ዘንድ ትልቅ ወሬ ሆነ። ጉዳዩ ለፍርድ ሳይቀርብ በየካቲት 2006 በስምምነት ተቋጨ። የ«ዘ ላየን ስሊፕስ ቱናይት» መብት ባለቤት የሆነው አቢሊን ሙዚቃ ላለፈውም ለሚመጣውም ጊዜ ለወራሾቹ እንዲከፍል፣ ሊንዳም በጋራ ደራሲነት እንዲጠቀስ ተወሰነ። ፍርድ ቤት ውሳኔ ስላልሰጠበት የዲን መከራከሪያ በዳኛ ፊት ተፈትኖ አያውቅም፤ ይህ ለወራሾቹ መልካም ቢሆንም ለሕጉ ዕድገት የቀረ ነገር ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በካሴትና በሲዲ ሽፋኖች ላይ «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ተብሎ የሚጻፈው ማስታወሻ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ «ትዝታ»ን የመሰለ ዜማ ከአንድ ደራሲ የማይወጣ፣ እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን ግጥም ይዞ የሚገባበት የጋራ ቤት ነው። ዳሩ ግን ይኸው ማስታወሻ ተጠንቶ ሳይሆን ስለተለመደ ብቻ የሚለጠፍበት ጊዜ አለ፤ አንድ አዝማሪ ወይም የክራር ተጫዋች ያፈለቀው የታወቀ ሐረግ «ሕዝብ» በሚለው ቃል ሥር ሲገባ በሊንዳ ላይ ከደረሰው ብዙም አይለይም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የወጣው የፕሪቶሪያው ክስ በተመሠረተበት በ2004 ሲሆን፣ የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብትም ሰጥቶታል። ከመንደር ጨዋታ የተወሰደውን ዜማ ከአንድ ሰው ፈጠራ የመለየቱ ሥራ ግን በአዋጅ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ አሮጌ ሸክላዎችን ጎን ለጎን አድምጦ ማን ምን እንደጨመረ የሚመዘግብ የሙዚቃ ጥናት ይጠይቃል።

የ«ምቡቤ» የመብት ዘመን ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ሕግ የሊንዳ ድርሰት ጥበቃ እርሱ ከሞተ 50 ዓመት በሞላበት በ2012 መጨረሻ ላይ አብቅቷል፤ ዛሬ በጆሃንስበርግ የሚኖር የኅብረ ዝማሬ ጓድ የ1939ኙን ድርሰት ያለ ማንም ፈቃድ መጫወት ይችላል። በአሜሪካ ግን በዚያው ዜማ ላይ የቆመው የ1961 ሥራ፣ ከታተመ ጀምሮ 95 ዓመት በሚቆጥረው ደንብ መሠረት፣ እስከ 2056 መጨረሻ ድረስ ባለመብት አለው።